የወባ ምርመራው «ነጌቲቭ» ይላል፣ ትኩሳቱ ግን አልወረደም፦ ጂን ምን እንደሆነ ከሮቢት ወባ እንማር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ ይኸ ነው፦ «ዶክተር፣ ሞለኪውላር ጄኔቲክስ ለነርስ ምን ይሠራል? ሸምድደን ፈተናውን እናልፋለን፤ ዋርድ ስንገባ ግን ዲኤንኤ የሚባል ነገር አይተን አናውቅም።» ጠያቂዎቹ የነርሲንግ ተማሪዎች ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጽሐፎቹ ምሳሌ የሚያመጡት ከሩቅ አገር፣ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ከማታውቁት በሽታ ነው። ስለዚህ ዛሬ ትምህርቱን በወባ እናየዋለን፣ ያውም በራያ ቆቦ ወባ። ነርስ ያልሆናችሁም አብራችሁኝ ቆዩ፤ ቤታችሁ ውስጥ ወባ የያዘው ሰው ካለ ወይም ቆላ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጉዳዩ የእናንተም ነው።

ደግሞ ከወዲሁ እንግባባ፦ ጂን ስል ወሎ ላይ ልጆች የሚፈሩትን «ጂን» ማለቴ አይደለም 😊። የማወራው በእያንዳንዱ ሕይወት ያለው ነገር ውስጥ ስለተጻፈው የአሠራር መመሪያ ነው።

👉 ለምን ሮቢት?

ሮቢት ስል የሸዋውን ሳይሆን የራያ ቆቦውን ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትጓዙ ጎብዬን አልፋችሁ፣ ቆቦ ከመግባታችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከሥሩ የተዘረጋ የማሽላ ሜዳ። ሞቃት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ውኃው በየቦታው ይቋጥራል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባው ይነሳል። በዚያው ሰሞን ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ሄዶ ይመለሳል። ይቺን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወባ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

እስቲ አሁን አንድ ነገር እናስብ። ወሩ ጥቅምት ነው። አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ጤና ኬላ መጣች። ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስመለስ አለው። ጣቱ ተወግቶ አንድ ጠብታ ደም በፈጣን መመርመሪያው (አርዲቲ የምንለው) ላይ ተደረገ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጠበቀ። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ነጌቲቭ ማለት ነው።

«ወባ የለበትም እናቴ።»
«ታዲያ ወባ ካልሆነ ምንድን ነው ሲስተር? ታላቅ ወንድሙም ከመተማ መጥቶ ተኝቷል።»

እዚህች ጋ ነው ሞለኪውላር ጄኔቲክስ ዋርድ ውስጥ የገባው። ያ አንድ መስመር የልጁን ደም ብቻ ሳይሆን የተውሳኩን ጂንም ጭምር እየነገረን ሊሆን ይችላል። እንዴት? መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ።

👉 ዲኤንኤ፣ ጂን፣ ፕሮቲን፦ ማን ምን ይሠራል?

ዲኤንኤ በጣም ረጅም ጽሑፍ ነው። የተጻፈው በአራት ፊደል ብቻ ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። የሰው ልጅ ጽሑፍ ወደ 3 ቢሊዮን ፊደል ይሆናል፤ በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ሁሉ ተጠቅልሎ በ46 ክሮሞሶም ይቀመጣል። ዋትሰንና ክሪክ ቅርጹን፣ ማለትም ሁለት ክር ተጠማዞ እንደ መሰላል መሆኑን፣ በ1953 አሳተሙ።

የወባ ተውሳክም የራሱ ዲኤንኤ አለው። ገዳዩ የወባ ዓይነት ፋልሲፓረም 14 ክሮሞሶምና ወደ 23 ሚሊዮን ፊደል አለው። ሙሉ ጽሑፉ ተነቦ የታተመው በ2002 ነው። ልብ በሉ፦ ፊደሉም የንባብ ሕጉም የእኛና የእሱ አንድ ነው። ልዩነቱ የተጻፈው ነገር ነው።

ጂን ማለት ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሥራ ያለው አንቀጽ ነው። ብዙውን ጊዜ «ይህን ፕሮቲን እንዲህ አድርገህ ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይይዛል። ሰው ፕሮቲን የሚያሠሩ ወደ 20,000 ጂኖች አሉት። ፕሮቲን ደግሞ ሠራተኛው ነው፦ ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ይሸከማል፣ ኢንሱሊን ስኳር ያስተካክላል፣ ኢንዛይም መርዝ ያበርዳል።

ትእዛዙ ከጂን ወደ ፕሮቲን እንዴት ይደርሳል? ነርሶች በቀላሉ ትረዱታላችሁ፦

1. ዲኤንኤ በካርድ ክፍል እንደተቀመጠ ዋና መዝገብ ነው። ከክፍሉ (ከኒውክለስ) አይወጣም።
2. አርኤንኤ ከመዝገቡ ላይ የተቀዳ የትእዛዝ ወረቀት ነው። የሚፈለገው አንቀጽ ብቻ ይገለበጥና ይወጣል።
3. ራይቦዞም ትእዛዙን አንብቦ የሚፈጽመው ባለሙያ ነው። ፊደሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል። እያንዳንዱ ሦስት ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ያስጠራል። አሚኖ አሲዶቹ ሲቀጣጠሉ ፕሮቲን ይሆናሉ።

ዲኤንኤ → አርኤንኤ → ፕሮቲን። የፈተናችሁ ዋና ጥያቄ ይኸው ነው፣ በቃ።

👉 ስሕተት ሲገባ፦ ሚውቴሽን

ሚውቴሽን ማለት የጽሑፉ መለወጥ ነው። በአማርኛ ፊደል ላሳያችሁ። ቃሎቹ ሁሉ ባለ ሦስት ፊደል የሆነ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦

አበበ ማሽላ ከመረ

ጥሩ። አዝመራ ነው፣ ሰውየው ማሽላውን ከምሯል። አሁን እንለውጠው።

✔ ድምፅ የሌለው ለውጥ፦ «ዐበበ ማሽላ ከመረ»። ፊደሉ ተለወጠ፣ ንባቡ ግን ያው ነው። ጸሐይንና ፀሐይን እንደምናደባልቀው ማለት ነው። በዲኤንኤም 64 ዓይነት ባለ ሦስት ፊደል ቃል አለ፣ አሚኖ አሲዶቹ ግን 20 ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቃላት ሞክሼ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቢተካ ፕሮቲኑ አይለወጥም።

✔ የአንድ ፊደል ለውጥ፦ «አበበ ማሽላ ከሰረ»። አንዲት ፊደል፣ መ በ ሰ ተተካች። ትርጉሙ ግን ተገለበጠ።

✔ የአንድ ፊደል መውደቅ፦ ከ«አበበ» አንዱን በ አውጡና ሦስት ሦስቱን እያደረጋችሁ አንብቡ። «አበማ ሽላከ መረ»። ከወደቀችው ፊደል በኋላ ያለው ሁሉ ፈረሰ።

✔ የገጽ መቀደድ፦ አንቀጹ በሙሉ ከመጽሐፉ ጠፋ። ጂኑ የለም፤ ጂኑ ከሌለ አርኤንኤው የለም፤ ፕሮቲኑም የለም።

አሁን ወደ ልጁና ወደ ነጌቲቭ ውጤቱ እንመለስ።

👉 የተቀደደው ገጽ፦ መስመሩ ለምን አልወጣም?

በአገራችን ለዓመታት የተጠቀምንበት ፈጣን መመርመሪያ ፋልሲፓረምን የሚይዘው ኤችአርፒ-2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ይህን ፕሮቲን በብዛት ወደ ደም ይለቃል። በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ይህን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተቀብተዋል። ፕሮቲኑ ካለ ይያዛል፣ መስመር ይወጣል። ከሌለ መስመር የለም።

ነገር ግን ተውሳኩ ኤችአርፒ-2ን የሚያሠራውን ጂን (8ኛ ክሮሞሶሙ ላይ ነው ያለው) ቢያጣውስ? ያለ እሱ መኖር ይችላል። ደም ውስጥ ይራባል፣ ያተኩሳል፣ ልጅ ይገድላል፤ መመርመሪያው ግን አያየውም። 13ኛ ክሮሞሶሙ ላይ ኤችአርፒ-3 የሚባል የሚመሳሰል ጂን አለ፤ አንዳንዴ እሱ በምትኩ መስመሩን ያወጣዋል። ሁለቱም ከጠፉ ግን ተውሳኩ ከመመርመሪያው ተሰወረ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ በመጀመሪያ የተዘገበው በ2010 ከፔሩ አማዞን ነው። ቀጥሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ላይ በብዛት ታየ። ወደ እኛስ? በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ፣ በተለይ ከሱዳን፣ ከኤርትራና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ ቦታዎች 12,572 ሰዎች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደረገ። ውጤቱ በ2021 ታተመ። በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት መመርመሪያው የሚያልፋቸው የፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ እንደሚሆኑ ገመተ። ከአሥሩ አንዱ ማለት ይቻላል! የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ ይቀየር የሚለው ደግሞ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።

ቅድም «ያዙልኝ» ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ጥናቱ የድንበር አካባቢ ነው፤ ሮቢት ከድንበር ሩቅ ናት። ግን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ ሆኖ በአውቶቡስ ይጓዛል። ከመተማ የተመለሰው ታላቅ ወንድም ይዞት ከመጣ የራያ ትንኝ ታናሹ ላይ ታደርሰዋለች። ለዚህ ነው «ከየት መጣህ? በዚህ ወር የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራው እኩል ዋጋ ያለው።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ይህ ለውጥ ለምን ተስፋፋ? ጂኑ ያለው ተውሳክ ይታያል፣ ይታከማል፣ ይሞታል። ጂኑ የሌለው አይታይም፣ አይታከምም፣ በትንኝ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ተውሳኩ አስቦበት አይደለም። በድንገት ገጹ የተቀደደበት ተውሳክ በመመርመሪያችን ወንፊት ስላለፈ ብቻ በዛ። በመጽሐፍ የተማራችሁት «ተፈጥሯዊ ምርጫ» ይኸው ነው፣ ጤና ኬላ ውስጥ።

ከዚህ ጥናት ወዲህ ኢትዮጵያ በኤችአርፒ-2 ላይ ብቻ ከሚመረኮዝ መመርመሪያ ወደ ኤልዲኤች መመርመሪያ የመቀየር ሥራ ገብታለች። ኤልዲኤች ተውሳኩ ኃይል ለማግኘት የግድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ነው፤ ይህን ገጽ ቀድዶ መኖር አይችልም። ሌላም ጥቅም አለው። ኤችአርፒ-2 ከታከሙ በኋላ ለሳምንታት ደም ውስጥ ስለሚቆይ የዳነን ሰው ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፤ ኤልዲኤች ግን ተውሳኩ ሲሞት ቶሎ ይጠፋል። እናም ነርሶች፣ የመመርመሪያውን ፓኬት ገልብጣችሁ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚፈልግ የማንበብ ልማድ ይኑራችሁ።

👉 የአንድ ፊደል ለውጥ፦ መድኃኒቱ ለምን ይዘገያል?

ለፋልሲፓረም የምንሰጠው ኮአርተም ሁለት መድኃኒት በአንድ እንክብል ነው፦ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር የተገኘው ከአርቴሚሲኒን ነው፤ ይህን መድኃኒት ከዕፅ ያወጡት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። የእሱ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተውሳኩን በፍጥነት ማጨድ ነው። ሉሜፋንትሪን ደግሞ ደም ውስጥ ቆይቶ የቀረውን ይለቅማል።

ተውሳኩ 13ኛ ክሮሞሶም ላይ ኬልች-13 የሚባል ጂን አለው። በዚህ ጂን ጽሑፍ 622ኛው ቃል «ኤ-ጂ-ኤ» ነው፤ አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ያስጠራል። በአንዳንድ የአገራችን ተውሳኮች መካከለኛዋ ፊደል ተለውጣ «ኤ-ቲ-ኤ» ሆናለች፤ ይህ ኢሶሎይሲን የተባለውን ያስጠራል። «ከመረ» «ከሰረ» ሆነ ማለት ነው። በዚህች አንዲት ፊደል የተነሣ ተውሳኩ አርቴሚሲኒንን በከፊል ይቋቋማል፤ ከደም የሚጠፋው ቀስ ብሎ ነው።

ለውጡ መጀመሪያ የተገኘው በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሆን በ2016 ታተመ። ቅድም ከጠቀስኩት ትልቅ ጥናት የተወሰዱ ናሙናዎች በጥልቀት ሲነበቡ ደግሞ ወደ 8 በመቶ በሚሆኑት ተገኘ፤ ይህ በ2023 ታትሟል። ከሁሉ የሚያሳስበው አንዳንዶቹ ሁለቱንም የያዙ መሆናቸው ነው፦ መመርመሪያው የማያያቸው፣ መድኃኒቱም ቶሎ የማያጠፋቸው።

አትደንግጡ! ኮአርተም አሁንም ይሠራል፤ ሉሜፋንትሪን ሥራውን ይጨርሳልና። ግን ይህ የሚሆነው መድኃኒቱ በሙሉ ሲወሰድ ነው። አወሳሰዱ ለሦስት ቀን፣ ስድስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በቀሩት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ። ከምግብ ጋር፣ በተለይ ወተት ወይም ቅባት ካለው ነገር ጋር ይወሰድ፤ ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ አይመጠጥም። ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ባለሙያ ጠይቃችሁ ይደገምለት። «ትኩሳቱ ለቆኛል» ብሎ ሁለተኛው ቀን ላይ አቁሞ የቀረውን እንክብል ለጎረቤት መስጠት፣ የተለወጠችዋን ፊደል መርጦ ማራባት ነው።

👉 የማብሪያው ለውጥ፦ ቫይቫክስ በእኛ አገር ለምን አለ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለቱም ዋና ዋና የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ በብዛት አሉ። ምዕራብ አፍሪካ ግን ቫይቫክስ እምብዛም ነው። ምክንያቱ በሰው ጂን ውስጥ ነው።

ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በአብዛኛው ደፊ በሚባል ፕሮቲን በኩል ነው፤ እንደ በር እጀታ አስቡት። እያንዳንዱ ጂን ከፊቱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ በአብዛኛው ሰው ላይ በደፊ ጂን ማብሪያ ውስጥ አንዲት «ቲ» በ«ሲ» ተተክታለች። ጂኑ ራሱ ደህና ነው፣ ግን ቀይ የደም ሴል በሚሠራበት ቦታ አይበራም። እጀታው የለም፣ ቫይቫክስም በቀላሉ አይገባም። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ግን ይበራል! ዓይን ሴልና ጉበት ሴል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው የተለያየ ሥራ የሚሠሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የበራው ጂን ይለያያል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ድብልቅ ነው፤ እጀታው ያለውም የሌለውም አለ። ለዚህ ነው ቫይቫክስ ቤቱን የሠራብን። አሁን ደግሞ እጀታው በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ላይም ቫይቫክስ ተገኝቷል። ስለዚህ «እከሌን ቫይቫክስ አይዘውም» የሚባል ነገር የለም።

👉 የታካሚው ጂን፦ ሽንት ቡና ሲመስል

ራያ ላይ «ወባዬ ተነሣብኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ሁልጊዜ አዲስ ትንኝ ነክሳው ላይሆን ይችላል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነቃል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ የተኛውን አይነካም። የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፣ ለ14 ቀን።

ፕሪማኪን ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። ምክንያቱ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም ቀይ የደም ሴልን ከኦክሳይድ ጉዳት ይከላከላል፤ ዝገት እንዳያበላው እንደማለት ነው። የበሰለ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፤ ዋና መዝገቡ ወጥቷል፣ አዲስ ኢንዛይም ማሠራት አይችልም። ስለዚህ 120 ቀን ገደማ የሚኖረው ሲወለድ በያዘው ስንቅ ነው። ጂኑ ሚውቴሽን ካለበት ስንቁ ደካማ ነው፤ ፕሪማኪን ሲመጣ ያልቅበታል፣ ሴሉ ይፈርሳል። በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ እጥረት አለባቸው። በከባዱ ዓይነት የባቄላ እሸት መብላት እንኳ ተመሳሳይ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ያ ከተበላሸ መተኪያ የለውም። ሴት ሁለት ስላላት ብዙውን ጊዜ ሌላኛው ይሸፍንላታል። ሆኖም በእያንዳንዱ ሴሏ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ኤክስ ስለሚጠፋ ከፊሉ ሴሏ ደካማ ሊሆን ይችላል። «የወንድ በሽታ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ይህ እጥረት በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ያነሰ ነው። ማነስ ግን የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ፕሪማኪን ስትሰጡ የሚከተሉትን ለታካሚው ንገሩት፦

✔ ሽንትህ እንደ ቡና ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣
✔ ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣
✔ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ካዞረህ፣ ልብህ ከመታ፣

መድኃኒቱን አቁም፣ ያኔውኑ ጤና ተቋም ና። ለነፍሰ ጡር፣ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃንና ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ሕፃን ለምታጠባ እናት ፕሪማኪን አይሰጥም። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዝቅተኛ መጠን ግን ሥርጭትን ለመቁረጥ ሲሆን፣ ያለ ጂ6ፒዲ ምርመራ ሊሰጥ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

👉 ይህን ሁሉ ፊደል ማን አየው?

ፒሲአር የሚባለውን ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣት ተወግቶ የደም ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደርቃል፣ በፖስታ ይታሸጋል፣ እንደ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወዳለ ላቦራቶሪ ይላካል። እዚያ የሚፈለገው የዲኤንኤ ክፍል ብቻ ተመርጦ ይባዛል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ 30 ጊዜ ሲደገም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ማንበብ ቀላል ነው። ኤችአርፒ-2 ካልተባዛ፣ ሌላው የተውሳኩ ጂን ግን ከተባዛ፣ ገጹ ተቀድዷል ማለት ነው።

እዚያች የደረቀች ጠብታ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የታካሚውን መለያ በትክክል የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ነርስ ነው። መለያው ከተሳሳተ የአዲስ አበባው ማሽን የፈለገውን ያህል ዘመናዊ ቢሆን ዋጋ የለውም።

👉 እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለነርሶችና ለተማሪዎች፦

1. በመመርመሪያው ላይ ያለው የቁጥጥር መስመር የሚለው «ዕቃው ሠርቷል» ብቻ ነው። «ወባ የለም» አይልም።
2. ነጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ፣ በተለይ በወባ ወቅት ወይም ከመተማ፣ ከሁመራና ከመሳሰሉት ቦታዎች ለመጣ ሰው፣ በማይክሮስኮፕ የደም ምርመራ ይደረግለት። ጤና ኬላ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ማይክሮስኮፕ ተውሳኩን ራሱን ነው የሚያየው፤ ጂኑ ቢጠፋም አያመልጠውም።
3. ሌላውንም የትኩሳት ምክንያት እዩ፦ ሳንባ፣ ጆሮ፣ ተቅማጥ፣ ማጅራት።
4. በሦስተኛው ቀን ያልተሻለውን ታካሚ መልሳችሁ እዩት፣ መዝግቡት። ስለ ተለወጠው ተውሳክ የመጀመሪያው ወሬ የሚመጣው ከእናንተ መዝገብ ነው።

ለቤተሰብ፦

1. ልጁ ከተንቀጠቀጠና ራሱን ከሳተ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ምርመራው ምንም ቢል አትጠብቁ። ሮቢት ላሉ ቆቦ ቅርብ ነው፣ ካስፈለገም ወልድያ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።
2. «ነጌቲቭ ነው» ተብላችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ትኩሳቱ ካልወረደ ነገ ተመለሱ። ማስቸገር አይደለም፣ መብታችሁ ነው።
3. መድኃኒቱን ጨርሱ። ሦስት ቀን ከተባለ ሦስት፣ 14 ከተባለ 14።
4. አጎበር ስር ተኙ። የጂን ለውጥ አጎበርን አይቀድም 😊።

የነርሲንግ ተማሪዎች፣ ለፈተናችሁ በአራት መስመር ላጠቃልልላችሁ። ኤችአርፒ-2፦ ሙሉ ጂን መጥፋት፣ ምርመራውን ያሳስታል። ኬልች-13፦ የአንድ ፊደል ለውጥ፣ መድኃኒቱን ያዘገያል። ደፊ፦ የማብሪያ ለውጥ፣ ማን እንደሚያዝ ይወስናል። ጂ6ፒዲ፦ ከኤክስ ጋር የሚወረስ፣ መድኃኒቱ ማንን እንደሚጎዳ ይወስናል። አራቱም አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በአንድ የወባ ወቅት ሊገጥሟችሁ ይችላሉ።

ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ቆላ ላይ የምትሠራ ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የምታውቁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው።